ቅበላ በቦነስ አይረስ

አርጀንቲና በዓመት ስንት ቀን እንደምትዘጋ የሚያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ማንም የለም? እኔ አለሁ። በቃሌ ነው የማውቀው። የትኛው በዓል በራሱ ቀን እንደሚከበር፣ የትኛው ወደ ሰኞ እንደሚገፋ፣ የትኛው ደግሞ ከቅዳሜና እሑድ ጋር እንዲገናኝ መሃል ላይ ድልድይ እንደሚሠራለት፣ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ ሳልደናቀፍ እነግራችኋለሁ። ኬሚስትሪ ግን ሲ ፕላስ ነው ያገኘሁት። ጭንቅላት ቦታው ውስን ነው።

ይህን ሁሉ ዕውቀት ከየት አመጣሽው ለምትሉኝ፣ ከባቄላ ነው።

ጋሼ ተፈራ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ጠባብ ሱቅ አለችው፤ ቅመማ ቅመም፣ ምስር፣ ክክ፣ አልፎ አልፎም ማን እንዳመጣው የማይታወቅ ነጠላ ይሸጥባታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኤርፖርት ሻትል ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ነው የከፈታት። አምና ልቡን ታመመና ኦፕሬሽን ተደረገ። እዚያው ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ ተሳለ። ስለቱ ይኼ ነው፦ ከዚህ አልጋ በእግሩ ከተነሳ፣ ከባሕር ማዶ በገዛ እጁ ከሚያስመጣው እህል የመጀመሪያውን ጆንያ ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል።

ልብ በሉልኝ። ሌላው ሰው ጧፍ ይሳላል፣ ጃንጥላ ይሳላል። ጋሼ ኢምፖርት ተሳለ።

ሐሳቡ የመጣው ከጎኑ ተኝተው ከነበሩት አርጀንቲናዊ ሽማግሌ ነው። እሳቸውም ልባቸውን ታመው ነበርና ሁለቱ ጨው የሌለው ሾርባ እየተመገቡ ስለ ምግብ ብቻ ሲያወሩ ከረሙ። ሽማግሌው ስለ አገራቸው ሰሜናዊ ተራሮች ባቄላ አውርተው አይጠግቡም ነበር። አንድ ቀን ፎቶውን በስልካቸው አሳዩት።

«ይኼማ የመንዝ ባቄላ ነው!» አለ ጋሼ።

ባቄላ በፎቶ እንዴት የመንዝ እንደሚመስል አልጠየቅሁም። የታመመ ሰው አይጠየቅም። ሽማግሌው ከሆስፒታል ሲወጡ የእህታቸውን ልጅ የግራሲዬላን ስልክ ሰጡት። ግራሲዬላ ቦነስ አይረስ ውስጥ ሥራዋ ጭነት መላክ ነው።

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ በእግዚአብሔርና በጋሼ መሃል ነበር። ጋሼ ግን ድኖ ቤተ ክርስቲያን በመጣ በመጀመሪያው እሑድ ማይክ ተቀብሎ ስለቱን ለምዕመናን ሁሉ ተናገረ። ያን ጊዜ ጉዳዩ በእግዚአብሔር፣ በጋሼና በእትዬ አስካለ መሃል ሆነ። እትዬ አስካለ የቤተ ክርስቲያኑ ማድ ቤት ኃላፊ ናቸው። ጋሼን በአምስት ዓመት ይበልጡታል፤ በአምሳ የሚበልጡት ነው የሚመስላቸው።

«አንተ ተፈራ፣ ዘንድሮ ለጉልባኑ ባቄላ አንገዛም ማለት ነው?» አሉት በር ላይ ይዘው።

«አትግዙ፣ እትዬ። እኔ አለሁ።»

«ሰምተሻል ልጅቷ? ምስክር ነሽ» አሉ ወደ እኔ ዞረው። እኔ እዚያ የቆምኩት መኪናው እስኪከፈት ነበር።

ምስክርነቴ ሳያንስ በማግስቱ ሥራ ተሰጠኝ። ጋሼ ሱቅ ውስጥ ጠራኝና፣ «ስፓኒሽ ትማሪያለሽ አይደል?» አለ።

«ስፓኒሽ ቱ ነኝ፣ ጋሼ። ገና ሁለተኛው ነው።»

«ቱ ይበቃል። ባቄላው አንድ ዓይነት ነው።»

በዚህ መንገድ በአሥራ ስድስት ዓመቴ የዓለም አቀፍ ጭነት ኃላፊ ሆንኩ። እማዬ ደስ አላት፤ ለኮሌጅ ማመልከቻ ይሆናል አለች።

ግራሲዬላ በመጀመሪያው ቴክስቷ የነገረችኝ ነገር ቀላል ነበር። ባሕሩ አያስቸግራችሁም፤ የሚያስቸግራችሁ በዓላችን ነው፤ ካላንደር ሥሪ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ባቄላው ከተራራው በከባድ መኪና ይመጣል፣ ወደቡ በር ላይ ይረከቡታል፣ መርከቡ ከመነሳቱ ሁለት ቀን በፊት በሩ ለዚያ መርከብ ይዘጋል። መኪናው በበዓል ቀን ከደረሰ የሚረከበው የለም፤ መርከቡ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ሶ፣ ሦስቱን ማገናኘት ነው። ጋሼ የቀረውን ዘመኑን ሊሰጥ ፈቃደኛ ሆኖ የተነሳለትን ስለት እኔ ከሦስት ቀለም ማድመቂያ ጋር ተረከብኩት።

ትልቅ ካርቶን ገዛሁ። ከላዩ ላይ «የአርጀንቲና በዓላት» ብዬ በደማቁ ጻፍኩ። ሮዝ፦ ሁሉም ዝግ። ብርቱካናማ፦ ክፍት ነው ይላሉ፣ ስልክ ግን አያነሱም። አረንጓዴ፦ ጫን። ጋሼ ከበርበሬው መደርደሪያ አጠገብ ሰቀለው፤ ደንበኞች ምስር እየሰፈረላቸው የአርጀንቲናን የነፃነት ቀን እያነበቡ ይወጡ ነበር። አንዲት ሴትዮ ያን ቀን ሱቁ ዝግ የሚሆን መስሏቸው ሁለት ኪሎ ክክ ጨምረው ገዙ።

ጋሼን ከሁሉ የማረከው ድልድዩ ነው።

«ቆይ፣ በዓሉ ማክሰኞ ከዋለ ሰኞንም ይዘጋሉ?»

«አንዳንዴ። ሰው እንዳይንገላታ ብለው።»

«መንግሥት ነው እንዲህ የሚለው?»

«መንግሥት ነው።»

ለረጅም ጊዜ ካርቶኑን አየው። «የሠለጠነ ሕዝብ» አለ በመጨረሻ። በገና ቀንም በፋሲካ ቀንም ሻትል የነዳ ሰው ነው፤ አይፈረድበትም።

ሁሉም በዓል በየቦታው ገባ። አንድ ብቻ አስቸገረኝ፤ በየዓመቱ ቀኑን የሚቀይረው። ካርኒቫል።

«ምንድነው እሱ?» አለ ጋሼ።

«ጾም ሳይገባ ሰው ሥጋ የሚበላበት፣ የሚጨፍርበት…»

«ቅበላ ነዋ!» መነጽሩን አወለቀ። እንዲህ ደስ ሲለው ከኦፕሬሽኑ ወዲህ አላየሁትም። «ቅበላን ለእኔ ልታስረጂኝ ነው? አምጪ እስቲ ወረቀት።»

የመብራት ቢል የመጣበትን ፖስታ ገለበጠና ባሕረ ሐሳብ መሥራት ጀመረ። መጥቅዕ አለ፣ አበቅቴ አለ፣ ነነዌ እዚህ ገባች አለ፣ ከነነዌ ተነስቶ በጣቱ ቆጠረ። ልጅ ሳለ ቄስ ትምህርት ቤት የተማረውን ነው፤ ስልክ ቁጥሩን የሚረሳ ሰው ይህን አንድም ሳይስት ሠራው። እኔ አፌን ከፍቼ አየሁት። አልጀብራ እንደዚህ ተብሎ ቢሰጠኝ የት በደረስኩ!

«ቅበላ እሑድ ያልቃል። ሰኞ ጾሙ ይገባል። የጨፈረ ሁሉ ራሱን እያመመውም ቢሆን ሰኞ ሥራው ላይ ነው። መኪናችን ሰኞ ጠዋት በር ላይ ይድረስ» አለ።

«ኢንተርኔቱ ግን ካርኒቫል ራሱ ሰኞና ማክሰኞ ነው ይላል።»

«ኢንተርኔቱን የሚጽፉት አሜሪካኖች ናቸው። አሜሪካን ፋሲካን የሚያውቀው በጥንቸል ነው።»

እውነቱን ለመናገር እኔም አመንኩት። አምና የእኛም የእነሱም ፋሲካ አንድ ቀን ውሎ ስለነበር ቀኑ እንደሚለያይ ሁለታችንም ረስተነዋል። ደግሞም በዓይኔ ፊት የተሠራ ሒሳብ ነው። ኢንተርኔቱ ሲያሰላ አላየሁትም። ሶ፣ የቅበላውን ሳምንት ሮዝ ቀባሁት፣ ሰኞን ደግሞ አረንጓዴ፤ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ፣ በጣም አረንጓዴ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ስጽፍ ጆሮዬ ይሞቃል።

ቀኑን ለግራሲዬላ ስልክላት፣ «ሰኞ? እርግጠኛ ነሽ? ሰኞ እኮ ካርኒቫል ነው» ብላ መለሰች።

እኔ ደግሞ አስረዳኋት። ቦነስ አይረስ ተወልዳ ቦነስ አይረስ ላደገች ሴትዮ፣ ካርኒቫል መቼ እንደሆነ፣ በስፓኒሽ ቱ፣ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍኩላት። ስለ ነነዌ ሰዎች ሳይቀር ነገርኳት። የአሁን ጊዜ፣ ያለፈ ጊዜ፣ የትእዛዝ አንቀጽ፣ የማውቀው ግሥ አንድም አልቀረኝም። ከሐሳቡ በስተቀር ስሕተት የማይገኝበት ደብዳቤ ነበር።

ከዚያ፣ «አንቺ ካልሽ ይሁን» የሚል መልስ መጣ። ገብቷት ነው ብዬ ተደሰትኩ። በኋላ ስጠይቃት ግን ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? በዚህ ልክ ተማምና የምትጽፍ ልጅ ከወደቡ ጋር በግል ተነጋግራ ጨርሳለች ብዬ ነው አለች።

ሰኞ ደረሰ። የሚገርመው እኛም ትምህርት ቤት ዝግ ነበር፤ የፕሬዚዳንቶች ቀን። ከአላስካ እስከ አርጀንቲና ሥራ የገባነው እኔና ጋሼ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ከከባድ መኪናው ሹፌር በግራሲዬላ በኩል የተላከ ቪዲዮ ነው። መጀመሪያ አንድ ትልቅ የብረት በር ታየ፣ በሩ ላይ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ከዚያ ካሜራው ቀስ ብሎ ዞረ። ከበሮ። ላባ። ኮፍያ። መንገዱን የሞላ ሰው ይዘላል። በመጨረሻ ሹፌሩ ራሱ ታየ፤ አንድ እጁ ላይ ጥብስ ነገር ይዞ ወደ እኛ ያውለበልባል።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«ቅበላ ላይ ናቸው።»

«ትናንት አልቋል።»

«አላለቀም፣ ጋሼ።»

ስልኩን ተቀብሎ ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አየው። ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። ልቡ ደግሞ የተሰፋ ልብ ነው፣ ፈራሁ። እሱ ግን በሦስተኛው ላይ፣ «ያቺ ቀይ የለበሰችው ጎበዝ ናት» አለና ስልኩን መልሶልኝ ምስር ጆንያው ላይ ቁጭ አለ።

ማክሰኞም ዝግ ነበር። ማክሰኞ ደግሞ የመርከቡ በር የሚዘጋበት ቀን ነው። ሐሙስ መርከባችን ያለ ባቄላችን ሄደ። በመሃል ረቡዕ ዕለት ክፍል ስገባ የጓደኞቼ ግማሾቹ ግንባራቸው ላይ አመድ ተቀብተዋል፤ የእነሱ ጾም ያን ቀን መግባቱ ነው። ያን አመድ ለእኔ ነበር መቀባት።

ቀጣዩ መርከብ ከአሥር ቀን በኋላ ነበር። ደምሬ ቀንሼ ስጨርስ የሎስ አንጀለሱ ሳን ፔድሮ ወደብ የሚደርሰው ሆሳዕና እሑድ ነው። ከሆሳዕና እስከ ጸሎተ ሐሙስ ያለውን ደግሞ እናንተም ትቆጥሩታላችሁ።

«ጋሼ» አልኩት፣ «ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ያለው የፋርሶቹ ሱቅ ጥሩ ባቄላ አለው። ምናልባት…»

«እኔ የተሳልኩት የማስመጣውን ነው። የምገዛውን አላልኩም።»

«እግዚአብሔር አይረዳም?»

«እሱማ ይረዳል» አለ። «ግን እዚያ አልጋ ላይ ሆኜ ስናገር ቀልዴን አልነበረም። እሱም ሲሰማኝ ቀልዱን አልነበረም። አየሽ፣ እኔ ተነስቻለሁ።» ከዚያ ተነስቶ መደርደሪያውን ማስተካከል ጀመረ፤ የተስተካከለ መደርደሪያ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ነው ካርቶኑን ቀና ብዬ ማየት ያቃተኝ።

ያ ጾም ረጅም ጾም ነበር። መርከቡን በስልኬ እከታተላለሁ፤ ባሕር ላይ ያለች አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ናት። እትዬ አስካለ ደግሞ እኔን ይከታተላሉ።

«ባቄላው የት ደረሰ?» በመጀመሪያው እሑድ።

«ገና ብራዚል አጠገብ ነው፣ እትዬ።»

«ባቄላው የት ደረሰ?» በሚቀጥለው።

«ብራዚል አጠገብ።»

«ያቺ ብራዚል ዳር የላትም እንዴ? በእግሩ ነው የሚመጣው?»

በአራተኛው እሑድ ነገሩ የሰበካው ሁሉ ሆነ። ከቅዳሴ በኋላ የማላውቃቸው አባቶች ሳይቀሩ «ፓናማን አለፈ ወይ?» ይሉኛል። ያለፈ ዕለት አንዲት እናት እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ጾም መሆኑ ትዝ ሲላቸው ዘጉት።

መርከቡ በቃሉ ሆሳዕና ገባ። ሰኞ አወረዱት፣ ማክሰኞ ጉምሩክ አለፈ፣ ረቡዕ ጠዋት ሃውቶርን ያለ መጋዘን ደረሰ። መጋዘኑ ለጋሼ ደውሎ፣ «ዕቃህ እዚህ ነው። እስከ አሥር ተኩል ክፍት ነን። የመልቀቂያ ወረቀቱን ከጉምሩክ ወኪልህ አምጣ» አለው። ሐሙስ ጠዋት መውሰድ አይቻልም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ባቄላ መዘፍዘፍ አለበት። ረቡዕ ካልተዘፈዘፈ ሐሙስ ጉልባን የለም።

ወኪላችን ዴቪድ የሚባል አይሁዳዊ ነው፤ ጋሼ «ዳዊት» ይለዋል። ቢሮው ፒኮ ሮበርትሰን ያለው ቤቱ ጋራዥ ሲሆን፣ ከሱቃችን በእግር ሩብ ሰዓት ይሆናል። ጋሼ ደወለለት። ማሽኑ አነሳ፦ «ለበዓል ዝግ ነን፤ ዓርብ እንገናኝ።»

ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ ሲመጣ ነው የነገረኝ። መሪውን ይዞ ፊት ለፊት እያየ፣ «ለካ ፋሲካቸው ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀኖች ምንም ሥራ አይነኩም። ነግሮኝ ነበር እኮ፣ በጥር። ለአንቺም ነግሬሽ ነበር» አለ።

ነግሮኛል። እኔም ያኔ የጠየቅሁት ትዝ አለኝ፦ «ዳዊት አርጀንቲናዊ ነው?» «አይደለም።» ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ደግሞ «የአርጀንቲና በዓላት» ነው። ስለዚህ አልጻፍኩትም። ምድር ዳርቻ ያለውን ሰው በዓል በቃሌ ሸምድጄ የጎረቤቴን አላውቅም።

ዳዊት ቤት ስንደርስ በሩን ራሱ ከፈተ። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ኮፍያ፤ ከኋላው ረጅም ገበታ፣ ዙሪያውን ልጆችና ሽማግሌዎች። እጁን ዘረጋ። ጋሼ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«አመመህ እንዴ?» አለ ዳዊት ደንግጦ።

«ደህና ነኝ። ሕማማት ነው፤ በዚህ ሳምንት እጅ አንጨባበጥም።»

«እኔም ዛሬ ስልክ አልነካም።»

«አውቃለሁ። ደውዬ ነበር።»

ሁለቱም ሳቁ። ጋሼ በዳዊት ትከሻ ላይ አሻግሮ ገበታውን አየ፣ ልጆቹን አየ። «እንኳን አደረሳችሁ ልልህ ነው የመጣሁት» አለና ዞረ። እውነቴን ነው፣ ዞሮ ወደ መኪናው መሄድ ጀመረ።

«ጋሼ!» አልኩ። «ባቄላው ሃውቶርን ገብቷል! ወረቀቱ ብቻ…» በእንግሊዝኛ ነው የጮኽኩት፣ ሆነ ብዬ።

«ዝም በይ!» አለኝ በአማርኛ። «የራሴን ስለት ለማድረስ የሰውየውን በዓል ላፈርስ ነው? እንዲህ ያለ ስለትስ ማን ይቀበለዋል? ነይ እንሂድ።»

ዳዊት አማርኛ አይሰማም፤ ግን የሰማ ይመስላል። «የልብህ ባቄላ ነው?» አለው። የኦፕሬሽኑንም የስለቱንም ታሪክ ጋሼ ስንት ጊዜ አውርቶለታል።

«እሱ ነው። አታስብ፣ ዳዊት። ግባ፣ ምግብህ ይቀዘቅዛል።»

ዳዊት አልገባም። ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ።

«ስለ ሥራ አላወራም» አለ። «ስለ ጸባዬ ግን ማውራት እችላለሁ። እኔ በዓል የምፈራ ሰው ነኝ። ከበዓል በፊት የሚታተመውን ሁሉ አትማለሁ፣ የሚፈረመውን እፈርማለሁ፣ ቀይ ፎልደር ውስጥ ከትቼ ጋራዡ ጠረጴዛ ላይ አኖረዋለሁ። ሚስቴ ትስቅብኛለች።» ጺሙን አሻሸ። «ደግሞ ጋራዡን ቀን ቀን አልቆልፍም። ይኼም መጥፎ ጸባይ ነው።» ከዚያ መልካም በዓል ብሎን በሩን ዘጋ።

እኔና ጋሼ ተያየን። ጋራዡ ክፍት ነበር። ጠረጴዛው ላይ አንድ ፎልደር ብቻ አለ፣ ቀይ። ላዩ ላይ የጋሼ ስም፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ ቀን በእስክሪብቶ ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። የእኛ ጸሎተ ሐሙስ ነው። ሰውየው ያለ ምንም ማድመቂያ የእኛን በዓል አጣርቶ ኖሯል።

ላ ሲዬኔጋ ላይ የነበረውን ትራፊክ አልተርክላችሁም፤ የሎስ አንጀለስ ሰው ያውቀዋል፣ ያልሆነው አያምነኝም። መጋዘኑ ጋ አሥር ሰዓት ከሃያ ሰባት ደቂቃ ላይ ፓርክ አደረግን። ፎርክሊፍት የሚነዳው ሰውዬ ወረቀቱን አየና አንድ ሙሉ ፓሌት ሊያወጣልን ሲል ጋሼ፣ «ለዛሬ አንድ ጆንያ ብቻ። ሌላውን በሰላም ጊዜ እንወስዳለን» አለው። ጆንያውን የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠና የደኅንነት ቀበቶ አሰረለት። ለእኔ እንዲህ አድርጎልኝ አያውቅም።

ማታ ከመምሸቱ በፊት ባቄላው ቤተ ክርስቲያን ማድ ቤት ውስጥ፣ በሁለት ትልልቅ በርሜል ተዘፈዘፈ። እትዬ አስካለ አንዷን ፍሬ አንስተው በጥርሳቸው ሞከሯት፣ አወጧት፣ አዩዋት። «የድንጋይ ዘር ናት» አሉ። «እስቲ እናያለን።»

በማግስቱ ከጠዋት ጀምሮ ተቀቀለ። ስንዴው በሰለ። ባቄላው አልበሰለም። ቅዳሴው ገባ፣ እግር ማጠቡ ሆነ፣ ባቄላው እየፈላ ነው። በመጨረሻ ሰዓቱ ደርሶ ሲወጣ ቆዳው ለስላሳ፣ ሆዱ ግን ያው ከተራራው እንደወረደ ነበር። ለምዕመኑ ሁሉ በየሳህኑ ተሰጠ። ያን የመሰለ ጸጥታ በቤተ ክርስቲያናችን ሰምቼ አላውቅም። ከሦስት መቶ አፍ የሚወጣ የማኘክ ድምፅ ብቻ። ማንም አላማረረም፤ ሕማማት ላይ ማን ያማርራል?

እትዬ አስካለ ብቻ ወደ ጋሼ መጡ፤ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈዋል።

«ተፈራ» አሉት፣ «ስለቱ ያንተ፣ ንስሐው የኛ ሆነ።»

ጋሼ ጥግ ላይ ሳህኑን ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። የሚጸልይ መስሎኝ ዝም ብዬ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። እያኘከ ነው። በጣም ቆይቶ ዋጠው፤ ዓይኑን ሲከፍት እርጥብ ነበር።

«ደረሰ» አለኝ።

እንግዲህ ዳዊትን ማመስገን ቀረ። ጋሼ ያኔውኑ በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ጉልባን ሞልቶ ሊወስድለት ተነሳ። በዚህ ጊዜ ግን እኔ አስቀድሜ አጣርቼ ነበር! «ጋሼ፣ ቁጭ በል» አልኩት። በእነሱ ፋሲካ ስንዴ ቤታቸው አይገባም፤ ባቄላም በዚህ ሳምንት አይበሉም። በእኛ ድስት የተሠራውን ደግሞ በሌላ ጊዜም አይበሉትም። ስለዚህ ጥሬውን ነው የምንሰጠው። መቼ? ዛሬ በዓላቸው ነው። ነገ ስቅለት ነው፣ አንተ ስትሰግድ ትውላለህ። ነገ ማታ ሰንበታቸው ይገባል። ቅዳሜ አያበስሉም፣ እኛም አክፋይ ነን። በመብራት ቢል ፖስታ ጀርባ ላይ ሠርቼ አሳየሁት። እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ፖስታውን ተቀብሎ አየው። «ልክ ነው» አለ። «አበቅቴ ብቻ ነው የጎደለው።»

ሶ፣ ባቄላውን ከቦነስ አይረስ ያስመጣን ሰዎች፣ ሁለት ኪሎውን ሩብ ሰዓት መንገድ ለማድረስ ሦስት ቀን ጠበቅን። እሑድ፣ በፋሲካችን፣ ጋሼ ሙሉ ልብስ ለብሶ አደረሰው። በሩ ላይ እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፤ ረጅም ጊዜ።

ማክሰኞ ማታ ሱቁ ሊዘጋ ሲል ከዳዊት ቴክስት መጣ። ጋሼ መነጽሩን ስላላገኘው እኔ አነበብኩለት፦ «ሁለት ቀን ዘፈዘፍነው። አራት ሰዓት ቀቀልነው። እስከ የትኛው በዓል ድረስ ነው የሚጠበቀው?»

ጋሼ አላሰበም እንኳን።

«ዳግማ ትንሣኤ በይው።»